አድናቆት ዕውቀት አይደለም

እኛ ኢትዮጵያውያን ጃፓንን ማድነቅ የጀመርነው ትናንት አይደለም። ማጥናቱ ግን እስከ ዛሬ የጥቂት ግለሰቦች ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ይህ ልዩነት አንድ ጊዜ ውድ ዋጋ አስከፍሎናል። ዳግም እንዳያስከፍለን እፈራለሁ።

የምጽፈው ከሐረር ነው። ጀጎል ውስጥ ለሚኖር ሰው እስያ ሩቅ አይደለችም። ጎብኚ የሚጎርፍበትን፣ «የራምቦ ቤት» የምንለውን ፎቅ ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። ፈረስ መጋላ ላይ የሚርመሰመሰው ባጃጅ የሕንድ ነው፤ ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚፈተለከው አይሱዙ የጃፓን ስም ነው። ጎረቤታችን ድሬዳዋም አንዱን ገበያዋን «ታይዋን» ትለዋለች። ዕቃው ቤታችን ከገባ ቆየ፤ ዕውቀቱ ግን ደጅ ቀርቷል።

የጃፓን ነገር የጀመረው ደግሞ ሐረርን በሚያውቁ ሰዎች ነው። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው የሐረሩ ገዥ የራስ መኮንን ሰው ነበሩ፤ በኋላም ጨርጨርን አስተዳድረዋል። ረቂቁን ሲያዘጋጁ በአርአያነት የወሰዱት እ.ኤ.አ. የ1889ኙን የጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ተጉዘው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን»ን ጻፉ። በ1946 ዓ.ም. ደግሞ ከበደ ሚካኤል «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን አሳተሙ። ታሪክ ጸሐፊዎች ያንን ትውልድ «ጃፓናይዘሮች» ይሉታል።

እነዚህ ሰዎች የሚችሉትን አድርገዋል፤ አልወቅሳቸውም። ግን ጃፓንን ያዩዋት በእንግዳ ዓይን ነበር። ነጭን ያሸነፈች፣ ንጉሥ ያላት፣ ባህሏን ሳትጥል የሠለጠነች አገር መሆኗን አዩ። ቶኪዮ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚሟገት፣ ጦሩ ምን እንደሚፈልግ፣ ነጋዴው ምን እንደሚያሰላ ከውስጥ የሚያነብላቸው ሰው አልነበረም። ከዚያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1935 መጣ። ሮም የነበረው የጃፓን አምባሳደር ሱጊሙራ፣ አገሩ በኢትዮጵያ ላይ የፖለቲካ ፍላጎት እንደሌላት ለሙሶሊኒ ነገረው። የጃፓን ሕዝብ ተቆጣ፣ ጋዜጦች ጮኹ። በዓመቱ ግን ጃፓን የጣልያንን ወረራ ተቀብላ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ አወረደች። ወዳጅ ያልነው ሂሳቡን ሠርቶ ሄደ።

በአንጻሩ እነሱ እኛን እንዴት እንደያዙን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1992 የጃፓን ናይሎ-ኢትዮጵያ ጥናት ማኅበር ተመሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1997 ደግሞ 13ኛው ዓለም አቀፍ የኢትዮጵያ ጥናት ጉባኤ የተካሄደው ኪዮቶ ላይ ነበር። የማኅበሩ መጽሔት ጄ-ስቴጅ በተባለው የጃፓን ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይነበባል። ስለ ኦሞ ሸለቆ አርብቶ አደር፣ ስለ እንሰት፣ ስለ ሸክላ ሠሪ ሴቶች ዓመታት ሜዳ ላይ ቆይተው፣ ቋንቋውን ተምረው የጻፉ ሰዎች አሏቸው። አሜሪካኖችም ቢሆኑ የእስያ ጥናት ማኅበራቸውን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. በ1941 ነው።

እኛም በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም አለን፤ ኩራታችን ነው። የሚያጠናው ግን እኛኑ ነው። ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ሐረር ላይ አሥር ቀን ሰንብቶ የጻፈው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ሐረሬው ስለ በርተን አገር የጻፈው የታል?

ከጃፓን የዲጂታል ሀብቶች መካከል እኔን ያሳረረኝ አንድ አለ። የእስያ ታሪክ ሰነዶች ማዕከል ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተከፈተ። የጃፓን ውጭ ጉዳይና የጦሩ የድሮ መዛግብት ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥተው ተቀምጠውበታል፤ ክፍያ የለም፣ ፈቃድ አይጠየቅም። አንድ ማታ በስልኬ ገብቼ «ኢትዮጵያ» ብዬ በእንግሊዝኛ ፈለግኩ። የጣልያንና የእኛን ጦርነት የሚመለከቱ ሰነዶች መጡ። የእኛ ዕጣ ሲመከርበት የተጻፈ ወረቀት መዳፌ ላይ ነበር። ከርዕሱ በቀር አንዲት ቃል ማንበብ አልቻልኩም። በሩ ክፍት ነው፤ የጎደለው የሚያነብ ሰው ነው።

«ዳቦ ሳይኖር የምን የጃፓን ጥናት?» የሚል እንዳለ አውቃለሁ። ወገኖቼ፣ ነገሩ የዳቦ ነገር ነው። በድሬዳዋ የሚያልፈው አዲሱ የባቡር መስመር ባብዛኛው በቻይና ብድር የተሠራ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ከቻይናና ከሕንድ ጋር በብሪክስ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠናል። እህቶቻችን የሚሠሩባቸው ሪያድና ቤይሩትም እስያ ናቸው። የሠፈሬ ልጅ በዐረብኛ የተጻፈ የሥራ ውል ፈርማ ስትሄድ ቤተሰቧ መካከል ያነበበላት አልነበረም። አገርም እንደዚያች ልጅ ሊፈርም ይችላል።

የምጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና እዚሁ አጠገባችን ያለው ሐረማያ አሥር ወጣቶች ይምረጡ። ሁለቱ ጃፓንኛ፣ ሦስቱ ቻይንኛ፣ ሌሎቹ ሂንዲና ዐረብኛ ይማሩ፤ ከቱሪስት ሰላምታ ያለፈ፣ መዝገብ የሚያስነብብ ትምህርት። ተመልሰው ማኅበር ያቋቁሙ፣ ያነበቡትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ ጽፈው በነጻ ይልቀቁት። ዶላር የሚፈጀው መጽሐፍ መግዛት ነበር፤ መዛግብቱን ባለቤቶቹ ራሳቸው ከፍተውልናል። ከዐረቡ ዓለም ጋር ለዘመናት ስትጽፍና ስትነግድ ለኖረች ከተማ ይህ አዲስ ሥራ አይሆንባትም።

የመጀመሪያውን የቤት ሥራም ልጠቁም፦ የ1935ቱን ሰነዶች ወደ አማርኛ መልሱልን። ያኔ ስለ እኛ ምን እንደተባለ፣ ከዘጠና ዓመት በኋላም ቢሆን፣ በራሳችን ቋንቋ እናንብበው።