ፍጥነትና ማየት

በትምህርት ቤታችን የቼዝ ክበብ ተጫዋች ነኝ። በኢንተርኔት ግን ለእያንዳንዳችን 3 ደቂቃ ብቻ በሚሰጥበት ግጥሚያ ዘወትር ስሸነፍ በሰዓቱ አሳብብ ነበር። አንድ ቀን 20 ሽንፈቶቼን በደብተር ጽፌ ብመረምር፥ በ13ቱ ጠጠሬን በከንቱ ያስበላሁት ገና ጊዜ ሳለኝ ሆኖ አገኘሁት። ይልቁንም ንጉሤንና ንግሥቴን ባንድ ጊዜ የሚያጠቃው ፈረስ ደጋግሞ አጥምዶኛል። አፈርሁ።

ከዚያ ወዲህ በቀን 3 ጨዋታ ብቻ እጫወታለሁ፤ ጠጠር ከማንሣቴም በፊት «ባላጋራዬ ምን ሊበላ አስቧል?» ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ። ዛሬም እሸነፋለሁ፤ ንግሥቴን ግን በነጻ አልሰጥም።

በጥንቱ ሰንጠረዣችን እንኳ፥ «ወረራ» በሚባለው መክፈቻ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የሚሮጡት የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ብቻ ነበር። ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ፍጥነት ከዓይን እንጂ ከጣት አይገኝም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ!