ከጆሮ ጀርባ ያለው እብጠትና 48 ሰዓት

በርበሬ ተራ የምትነግድ እናት ልጇን ጆሮው ሲያመውና መግል ሲያወጣ መደቧን ዘግታ ሐኪም ቤት አትሄድም፤ የዕለቱ ገቢ ይቀርባታል። ጳውሎስ ሆስፒታል ከመርካቶ በታክሲ ቅርብ ነው፤ የሚያስቀራት ርቀቱ አይደለም። ከጎኗ ካለው ፋርማሲ የአሞክሳሲሊን ሽሮፕ ትገዛለች። ትኩሳቱ ሲበርድ ግማሹ ይቀመጣል (ለታናሹ ይሆናል ተብሎ!)።

ከቀናት በኋላ ከጆሮው ጀርባ ያብጣል፣ ይቀላል፤ ጆሮው ወደ ፊት ይገፋል። ማስቶይዳይተስ ይባላል፤ የመሃል ጆሮ ኢንፌክሽን እንደ ማር እንጀራ ክፍተት ወዳለው የጀርባው አጥንት ሲዘልቅ የሚመጣ ነው።

የቤተሰቡ ጥያቄ አንድ ነው፦ ኦፕራሲዮን ይደረግ ወይስ አይደረግ? ከፔኒሲሊን በፊት አጥንቱን መክፈት የተለመደ ነበር። ዛሬ ብዙ ልጆች በደም ሥር በሚሰጥ አንቲባዮቲክ፣ አንዳንዴም ታምቡሩ ተበስቶ መግሉ ሲወጣ ይድናሉ። ስለዚህ ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይከታተላል። ይህ ቸልተኝነት አይደለም። ለውጥ ከሌለ ግን ቀዶ ጥገና ይመጣል፤ ከአጥንቱ ላይ የቋጠረ መግልም መውጣት አለበት። ፊቱ ከተጣመመ፣ አንገቱ ከደረቀ፣ ልጁ ከፈዘዘ ወይም ካንቀጠቀጠው ሰዓት መቁጠር የለም፤ ሲቲ ስካንና ቀዶ ሐኪም በአስቸኳይ ያስፈልጋሉ።

ግማሽ የተሰጠው ሽሮፕ ግን ቆጠራውን ያዛባል። ትኩሳቱንና እብጠቱን ሸፍኖ አጥንቱ ውስጥ ያለውን በሽታ ይተወዋል። እናትየዋም ቁጣ ፈርታ "ምንም አልሰጠሁትም" ትላለች። የሚቆጣት ሐኪም እዚህ ላይ የራሱን ሥራ ያከብዳል፤ የሚያስፈልገው መረጃ ቦርሳዋ ውስጥ ያለው የሽሮፕ ጠርሙስ ነው።