ኒውክሌር ምህንድስና የት ልማር?

ሰንጋ ተራ ያደገ ልጅ ምን መማር እንዳለበት ሰፈሩ ራሱ ይነግረዋል። ንግድ ባንክ ከፊት ተገትሯል፣ የሌሎቹ ባንኮችና ኢንሹራንሶች ፎቅ ዙሪያውን ከቦታል፣ ኮሜርስ በእግር ይደረሳል። አካውንቲንግ ቢል ማንም አይገረምም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ያለችው የእህቴ ልጅ ግን ኒውክሌር ምህንድስና አለች፤ ቤቱ ጭር አለ።

"አገራችን የሌላትን ሙያ" የሚል ሰው አይጠፋም። ግን ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉ አቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ አባል የሆነችው በ1950 ዓ.ም. ነው። ቃሊቲ ውስጥ ገንዲ የሚያስተላልፈው የቆላ ዝንብ ወንዱ በጨረር እንዲመክን ይደረጋል። ከሰፈራችን ብዙ በማይርቀው ጥቁር አንበሳ የካንሰር ሕሙማን ለዓመታት በኮባልት ጨረር ሲታከሙ ኖረዋል። በመስከረም 2018 ደግሞ መንግሥት ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሚያስችል የድርጊት መርሐ ግብር ሞስኮ ላይ ተፈራረመ። ኤጀንሲው እንደሚለው አንድ አገር ከውሳኔ እስከ ማመንጨት ከ10 እስከ 15 ዓመት ይፈጅባታል። ዛሬ የምትጀምር ልጅ ማስተርሷን ጨርሳ ትደርስበታለች።

እህቴን ያስጨነቃት ጨረሩ ነው። እውነት ነው፣ ይፈራል፤ ግን ይለካል። ሠራተኛ ደረቱ ላይ መለኪያ አድርጎ ይውላል፣ የሚፈቀደውም መጠን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው።

እኔን ያስጨነቀኝ ምርጫው ነው። መጀመሪያ የሚታየው የሩሲያ ስኮላርሺፕ ነው፤ ሜፊና ቶምስክ ፖሊቴክኒክ የሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች። አንድ ዓመት ቋንቋ፣ ከዚያ በኃይል ማመንጫ ምህንድስና አምስት ዓመት ተኩል። ቶምስክ የራሱ የምርምር ሪአክተር አለው፤ ይህን በጣም አከብራለሁ። ወላጆች የዩኒቨርሲቲውን ስምና ደረጃ እንጠይቃለን፤ መጠየቅ ያለብን ተማሪው ሪአክተር አጠገብ ስንት ሰዓት እንደሚቆም፣ በማስመሰያ መቆጣጠሪያ ክፍል ገብቶ ይሠራ እንደሆነ ነው። መጽሐፉማ የትም ይነበባል።

ሁለተኛው ጥያቄ ከባድ ነው። ማመንጫው ቢዘገይስ? በአሥራ ስምንት ዓመቷ ሙሉ ዕድሜዋን ገና ላልተሠራ አንድ ፋብሪካ ማስያዝ አልፈልግም። በማመንጫ ውስጥ የሚሠራው አብዛኛው ባለሙያ መካኒካል፣ ኤሌክትሪካል፣ የቁጥጥር መሣሪያና የኬሚስትሪ ሰው ነው፤ የኒውክሌር መሐንዲሱ ጥቂት ነው። ስለዚህ የኔ ምክር፦ ዲግሪውን እዚሁ በመካኒካል ወይም በኤሌክትሪካል፣ ቢቻል አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፤ የኒውክሌር ሪአክተር ቴክኖሎጂ የልህቀት ማዕከል ያለው እሱ ነው። ኒውክሌሩን በማስተርስ። እንዲህ ከሆነ ማመንጫው ቢዘገይም ግድብ ላይ፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አላት።

ለማስተርሱ መንገዱ ሰፊ ነው። ጋና ውስጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በኤጀንሲው ድጋፍ የተከፈተ የኒውክሌር ትምህርት ቤት አለ። ኮሪያ ኡልሳን አካባቢ ያለው ኪንግስ የተባለ ትምህርት ቤት ለዚሁ ሙያ ብቻ የቆመ ነው። ለሴቶች ደግሞ የኤጀንሲው የማሪ ኩሪ ድጋፍ አለ፤ ለትምህርት ክፍያ እስከ 20 ሺህ ዩሮ፣ ለመኖሪያም ያንኑ ያህል። ይህን የሰማች ሴት ተማሪ ጥቂት መሆኗ ያንገበግበኛል፤ እባካችሁ ለምታውቋት ሁሉ አድርሱ።

የእህቴ ልጅ ግን አሁንም ልቧ ቶምስክ ነው። እዚያ ወይም ኡልሳን የተማራችሁ ካላችሁ፣ ሪአክተሩን ምን ያህል በእጃችሁ እንደነካችሁትና ስትመለሱ የትምህርት ማስረጃችሁን አቻ ግምት ለማሠራት ምን እንደተጠየቃችሁ ጻፉላት፤ ቁጭ ብለን አብረን እናነበዋለን።