ዘጠነኛው ጎዳና ላይ ያሉ ሁለት በሮች

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዘጠነኛው ጎዳና ላይ የሐበሻ ምግብ ቤቶቹን አልፋችሁ ዩ ስትሪትን ወደ ሰሜን ከተሻገራችሁ፣ ገና እግራችሁ ሳይፍታታ ሁለት የሙዚቃ ቤቶች ታገኛላችሁ። ጥጉ ላይ ያለው አትላንቲስ 450 ሰው ይይዛል። ጎኑ፣ ቪ ስትሪት ላይ፣ 1,200 ሰው የሚይዘው 9፡30 ክለብ አለ። ሁለቱንም የሚያስተዳድረው አይ ኤም ፒ የተባለ የዚያው አካባቢ ኩባንያ ነው። ስለ ዋሽንግተን ሐበሾች የተጻፉ የጉዞ ማስታወሻዎች ብዙ አንብቤያለሁ፤ ክትፎው፣ ቡናው፣ የባለታክሲዎቹ ጨዋታ አይቀርም። እነዚህን ሁለት በሮች ግን ያነሣልኝ ሰው አላገኘሁም።

ያረፍኩት የዋሽንግተን ጎረቤት በሆነችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ የአክስቴ ልጅ ቤት ነበር። 9፡30 ክለብ የመግባት ሐሳቤን ስነግራት ሳቀችብኝ። «ከአዲስ አበባ ድረስ መጥተህ የፈረንጅ ጩኸት ልትሰማ? ቅዳሜ እኔ ራሴ ደህና ቦታ እወስድሃለሁ» አለችኝ። ሐሙስ ወደ ፈረንጁ፣ ቅዳሜ ወደ እኛው ለመሄድ ተስማማን።

9፡30 ክለብ ስሙን ያገኘው ከመጀመሪያ አድራሻው ነው፤ መሀል ከተማ፣ ኤፍ ስትሪት፣ ቁጥር 930። የተከፈተው እ.ኤ.አ. በሜይ 1980 ሲሆን፣ በሩን የሚከፍተውም በዚያው ሰዓት፣ በእኛ ከምሽቱ ሦስት ተኩል ላይ ነበር። በሕግ የተፈቀደለት 199 ሰው ብቻ። መድረኩን የሚከልል ምሰሶ መሀል ቆሞ ነበር፤ የአይጡና የሽታው ወሬ ደግሞ ፀጉራቸው በሸበተ የከተማው ሮከሮች ዘንድ ዛሬም እንደ ጀግንነት ይወራል። ሴዝ ኸርዊትዝና ሪች ሃይነኪ የተባሉ ፕሮሞተሮች በ1986 ገዙት፤ በ1996 መጀመሪያ ላይ አሁን ወዳለበት ሕንፃ አዛወሩት።

የሕንፃው ብልሃት መድረኩ ላይ ነው። መድረኩ ጎማ አለው። ትኬቱ ተሽጦ ካለቀ ወደ ኋላ ይገፋል፤ ግማሹ ብቻ ከተሸጠ ወደ ፊት ይመጣና አዳራሹ ይጠባል። ገበያ የቀዘቀዘበት ባንድም ሙሉ ቤት የሚመስል ሕዝብ ፊት ይጫወታል። ባዶ ወንበር እያየ መዝፈን ለሙዚቀኛ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነው ይህን ያሰበው።

ሐሙስ ማታ ስንደርስ ሰልፉ ጸጥ ያለ ነው። የሰዓቱ ዝርዝር በወረቀት ተለጥፏል፤ በር የሚከፈትበት፣ ከፋቹ ባንድ የሚወጣበት፣ ዋናው የሚጀምርበት ሰዓት። ዕድሜያቸው ለመጠጥ ያልደረሰ ልጆች እጅ ላይ ትልቅ የኤክስ ምልክት ይደረግባቸዋል። ይህም ታሪክ አለው፤ የዛሬ አርባ ምናምን ዓመት የዋሽንግተን የፓንክ ልጆች «አንጠጣም፣ ሙዚቃውን ብቻ እንስማ» ብለው አሮጌው 9፡30 ክለብ የገቡት በዚህ ምልክት ነበር። አሜሪካ ውስጥ መጠጥ የሚፈቀደው በ21 ዓመት ስለሆነ፣ ብዙ ክለብ ወጣቱን ከበር ይመልሳል። እዚህ አባት ከነልጁ ገብቶ አየሁ። ልጁ የአሥራ ሦስት ዓመት ቢሆን ነው፤ ለስላሳ ይዞ ድምጽ ማጉያው ሥር ቆሟል። የነገ ደንበኛ እንዲህ ነው የሚሠራው።

ባንዱ በተባለው ደቂቃ ወጣ። ሙዚቃው ለጆሮዬ እንግዳ ነበር፤ ድምጹ ግን ጠራ። ባሱ ደረት ይመታል እንጂ ቃሉን አይውጠውም። የአክስቴ ልጅ፣ ያቺ የሳቀችብኝ፣ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እንደዚህ የሚሰማ ከሆነማ ለምን የእኛዎቹን አያመጧቸውም?» አለችኝ። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ አልወጣም።

የቤቱ ሒሳብ እንዲህ ነው። ከትኬት የሚሰበሰበው ገንዘብ አብዛኛው የባንዱ ነው። በቅድሚያ የሚስማሙበት ዋስትና የሚባል ክፍያ አለ፤ ወጪው ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው ይካፈላል፤ ስም ያለው ባንድ ከተራፊው 85 በመቶ ያህሉን መውሰዱ በሙያው የተለመደ ነው። ቤቱን የሚያኖረው ባሩ ነው። ስለዚህ ሰው በጊዜ መግባት አለበት፤ ቶሎ ከገባ ሁለት ሦስት ይጠጣል፣ ካረፈደ ግን አንድ ይዞ ዘፈኑን ይሰማና ይሄዳል። ከፋች ባንድ የሚያስፈልገውም በከፊል ለዚህ ነው።

አይ ኤም ፒን ከተራ ክለብ የሚለየው ደረጃው ነው። 450 ሰው የሚይዘው አትላንቲስ በሜይ 2023 ተከፈተ፤ የአሮጌውን ኤፍ ስትሪት ክለብ መልክ እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ለመክፈቻውም 44 ዝግጅቶች በ44 ዶላር ትኬት ተሰናዱ። ከእሱ በላይ 9፡30 ክለብ። በ1922 የተሠራውን የዩ ስትሪቱን ሊንከን ቴአትርም ያስተዳድራሉ። ወንዙ ዳር፣ ዋርፍ በተባለው ሰፈር በ2017 የተከፈተው «አንተም» የተባለ አዳራሽ እስከ 6,000 ሰው ይይዛል። ሜሪላንድ፣ ኮሎምቢያ ከተማ ጫካ ውስጥ ደግሞ ፍራንክ ጌሪ የነደፈው፣ በ1967 የተከፈተው ሜሪዌዘር ፖስት ፓቪሊየን አለ፤ እሱ ሃያ ሺህ ሊጠጋ ይችላል። ከፊደል ቆጠራ እስከ ቅኔ ቤት እንደሚሉት ነው፤ ዛሬ 300 ሰው ፊት የሚንቀጠቀጠው ልጅ እጁ ከፈታ በዚያው ኩባንያ እጅ እስከ ጫካው መድረክ ይወጣል። ኩባንያው ትንሹ ቤት ላይ ባያተርፍ እንኳ አይቆጨውም፤ ነገ «አንተም»ን የሚሞላለትን ባንድ እያሳደገ ነው።

አርብ ጠዋት ከአክስቴ ልጅ ቤት ወጣ ብዬ ኮልስቪል ሮድ ላይ ያለውን ፊልሞር ሲልቨር ስፕሪንግን ከውጭ አየሁት። የቀድሞ የጄሲ ፔኒ ሱቅ ፊቱ እንዳለ ተጠብቆ ከኋላው አዳራሽ ተሠርቶበታል፤ 2,000 ሰው ይይዛል። በ2011 ሲከፈት ለግንባታው የሜሪላንድ ግዛትና የሞንትጎሞሪ ካውንቲ አራት አራት ሚሊዮን ዶላር አውጥተዋል። የሚያስተዳድረው ላይቭ ኔሽን ነው። የ9፡30ዎቹ ሰዎች «በግብር ከፋዩ ገንዘብ ተፎካካሪያችንን አትደጉሙ» ብለው ጮኸው ነበር፤ አልተሰሙም። አካባቢው ሐበሻ የበዛበት ነው፤ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ ከዚያ ሩቅ አይደለም። ከሚሊዮኖቹ ዶላሮች ውስጥ የወገኖቻችን ግብር እንዳለበት ሳስብ በራሴ ፈገግ አልኩ።

ላይቭ ኔሽን ሌላ ዓይነት ፍጡር ነው። በ2010 ከቲኬትማስተር ጋር ተዋሕዷል፤ ዘፋኙን አዙሮ የሚያጫውተው፣ አዳራሹን የሚይዘው፣ ትኬቱን የሚቆርጠው አንድ ኩባንያ ሆነ። አይ ኤም ፒ ቀደም ብሎ በ2009 ከስሶት ነበር፤ ክርክሩ «አዙሬ እንዳጫውትህ ከፈለግህ የእኔን አዳራሽ ተጠቀም እያለ አርቲስቱን ያስገድዳል» የሚል ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2016 ለላይቭ ኔሽን ፈረደ። በሜይ 2024 ደግሞ የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ራሱ፣ ከ30 የግዛትና የዲስትሪክት ዐቃብያነ ሕግ ጋር ሆኖ፣ በገበያ አፈና ከሰሰው። እኔ በዚህ ጉዳይ ገለልተኛ አይደለሁም። የአንድ ከተማ ሰዎች የያዙት ቤት ይሻለኛል፤ የሰፈሩን ጆሮ ያውቃል፣ ባለቤቱም በር ላይ ይገኛል። አይ ኤም ፒም ቢሆን ግን ቅዱስ አይደለም፤ በዋሽንግተን መድረክ ላይ ትልቁ ዓሣ እሱ ነው።

ከሰዓት በኋላ ዩ ስትሪትን ተከትዬ ወደ ምዕራብ ሄድኩ። 1344 ቁጥር ጋ ቆምኩ። እዚህ ፎቅ ላይ ትዊንስ ጃዝ ነበር። ኬሊ ተስፋዬና ማዜ ተስፋዬ የተባሉ፣ ኢትዮጵያ የተወለዱ መንትያ እህትማማቾች በ1980ዎቹ በሌላ ሰፈር የጀመሩት፣ በኋላም እዚህ ያመጡት የጃዝ ክለብ። የሐበሻ ምግብ እያቀረቡ፣ ዱክ ኤሊንግተን ባደገበት ሰፈር ለጥቁር አሜሪካውያን ጃዝ ቤት ሆነው ቆዩ። እኛ ስለ ኢትዮ ጃዝ ስናወራ አፋችን አይደክምም፤ ሁለት ሐበሻ ሴቶች የጃዝ ቤት ከፍተው ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ኪራይ እየከፈሉ ማኖራቸውን ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

የኮሮና ወረርሽኝ በ2020 ዘጋው። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ዩ ስትሪት ሙዚክ ሆል የተባለው ክለብም ተዘጋ። የአሜሪካ ምክር ቤት የሙዚቃ ቤቶችንና መሰል ተቋማትን ለመታደግ 15 ቢሊዮን ዶላር የፈቀደው በዲሴምበር መጨረሻ ነው፤ ገንዘቡም ለባለቤቶቹ መድረስ የጀመረው በ2021 አጋማሽ ላይ። ለእህትማማቾቹ ቤት ዘገየ።

ቅዳሜ የአክስቴ ልጅ ተራዋ ነበር። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። ስድስት ጠረጴዛ ብቻ ሰው ይዟል። «ገና ነው፣ ቁጭ በል» አለችኝ። አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ባስ ጊታር፣ አንድ ክራር፤ ከበሮው ከኪቦርዱ ሆድ ይወጣል። መድረክ የለም፤ ሁለት ጠረጴዛ ተነሥቶ ቦታ ተለቋል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቤቱ ሞላ፣ ከዚያማ እውነተኛው ጨዋታ መጣ። ዘፋኟ ትዝታ ስታወርድ ቤቱ አብሮ አጉረመረመ፤ ወደ ጉራጌ ስትገባ ወንበር የያዘ ሰው አልቀረም። ግንባሯ ላይ ዶላር ተለጠፈ። ሐሙስ ዕለት ያላገኘሁትን እዚህ አገኘሁ፤ ሰሚውና ዘፋኙ መሀል አጥር የለም። ድምጹ ግን ያሳዝናል። ክራሩ አልተሰማም ማለት ይቻላል፤ ማይክሮፎኑ በየመሀሉ ይጮኻል።

በዕረፍት ሰዓት ኪቦርድ ተጫዋቹን ጠጋ አልኩት። ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ እዚህ በትኬት ነው የሚከፈላችሁ?»

«የምን ትኬት የኔ ልጅ፣ እኛ የምንኖረው በጥብስ ነው። ሰው ጥብስ ካዘዘ እኛም እንበላለን።»

«9፡30 ክለብን ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?»

«ማን ይወስደናል? እነሱ ስንት ትኬት ትሸጣላችሁ ይላሉ። የእኛ ሰው ትኬቱን በር ላይ ነው የሚገዛው፤ እሱንም ከእኩለ ሌሊት በኋላ።»

ነገሩ ሁሉ በዚህ አለቀ። ዲሲ ውስጥ ዓርብና ቅዳሜ መጠጥ የሚሸጠው እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ሰባት ሰዓት ላይ የሚሞላ ቤት ሁለት ሰዓት ብቻ ይሠራል። ዋስትና ከፍሎ፣ የድምጽ ባለሙያ ቀጥሮ በሁለት ሰዓት ሽያጭ ወጪውን የሚመልስ የለም። ትልቅ ዘፋኝ ከአዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ፕሮሞተሮቻችን አዳራሽ ይከራያሉ፤ አውሮፕላኑን፣ ሆቴሉን፣ ድምጹን፣ ቅድመ ክፍያውን በግላቸው ይሸፍናሉ። በየዓመቱ ጁላይ ላይ የኢትዮጵያውያን የእግር ኳስ ፌስቲቫል ባለበት ከተማ ሁሉም በአንድ ሳምንት ይረባረባሉ፤ ያንኑ ተመልካች ይሻማሉ። የባሩ ገቢ የአዳራሹ ባለቤት ነው። ፕሮሞተሩ ቢያተርፍም ለሚቀጥለው ዓመት የሚቀርለት መድረክ የለውም።

ኃይሉ መርጊያን አስቡ። የአዲስ አበባ ሂልተን ባንድ የነበረው የዋልያስ ኪቦርድ ተጫዋች፣ በ1981 ባንዱ አሜሪካን ሲጎበኝ እዚያው ዋሽንግተን ቀረ። ለዓመታት ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ሲነዳ፣ ተሳፋሪ እየጠበቀ መኪናው ውስጥ በኪቦርዱ ይለማመድ ነበር። በ2013 የድሮ ካሴቱን አንድ የአሜሪካ አሳታሚ እንደገና ሲያወጣው ዓለም ዞሮ አየው። ያ ሁሉ ሐበሻ ባለበት ከተማ፣ እንዲህ ያለ ሰው በየሳምንቱ የሚቀመጥበት የራሳችን ቤት ቢኖር የአሳታሚ ዓይን እስኪያርፍበት ባልጠበቀ ነበር።

ለዋሽንግተን ፕሮሞተሮችና ባለ ምግብ ቤቶች የምለው ይህ ነው፦ ስታዲየም አያስፈልግም። ሦስት አራታችሁ በጋራ የረጅም ጊዜ ውል ፈርማችሁ 300 ሰው የሚይዝ አንድ ቤት ያዙ፤ ጥሩ የድምጽ ባለሙያ ቅጠሩ፤ የባሩን ገቢ ለራሳችሁ አድርጉት፤ ክራር የሚመታውን ወጣት ከፋች አድርጋችሁ አውጡት። እናንተም ኮንሰርት የምትወዱ አንባቢዎች፣ ትኬቱን ቀድማችሁ ግዙ፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ከተባለም በሦስት ሰዓት ድረሱ።