ቀጭኔዎቹና ቀዩ በሬ

ካሊፎርኒያ የምትኖር አንዲት የድሮ ተማሪዬ ለእረፍት መጥታ ሳለ «ጋሼ፣ ይቺን ያንብቧት፤ እርስዎ የመንገድ ታሪክ ይወዳሉ» ብላ አንድ ልብ ወለድ ሰጥታኝ ሄደች። «ዌስት ዊዝ ጂራፍስ» ይላል ርዕሱ፤ በእኛ «ከቀጭኔዎች ጋር ወደ ምዕራብ» እንደማለት ነው። ደራሲዋ ሊንዳ ራትሌጅ ትባላለች፤ የታተመው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እውነቱን ለመናገር የልጆች ተረት መስሎኝ ሦስት ወር መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን አልጋ ላይ ሲያውለኝ አነሳሁት፤ በሁለት ቀን ጨረስኩት።

የታሪኩ መሠረት እውነት ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. መስከረም ላይ ሁለት ቀጭኔዎች ከአፍሪካ ወደ ኒውዮርክ በመርከብ ሲሄዱ ከባድ አውሎ ነፋስ ባሕር ላይ ያገኛቸዋል። ይተርፋሉ። ግን መድረሻቸው ሳንዲያጎ ነው፤ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ማቋረጥ አለባቸው። የመካነ እንስሳቱ ኃላፊ ቤል ቤንችሊ የምትባል ሴት ነበረች፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ሴት ማየት ብርቅ ነው። እናም ሁለቱ ቀጭኔዎች ለእነሱ ተብሎ በተሠራ የጭነት መኪና 12 ቀን ተጉዘው ደረሱ።

ደራሲዋ በዚህ እውነት ላይ ዉድሮው ዊልሰን ኒክል የሚባል ልጅ ጨመረችበት። ያኔ ቴክሳስን የአቧራ ማዕበል አራቁቷታል፤ ልጁም ቤተሰቡ አልቆ ብቻውን ቀርቷል። ያልሰረቀው፣ ያልዋሸው ነገር የለም። ቀጭኔዎቹ ወደ ካሊፎርኒያ እንደሚሄዱ ሲሰማ ይከተላቸዋል፤ መጨረሻ ላይ መሪውን ይይዛል። ይህን ሁሉ የሚተርከው 105 ዓመት ሞልቶት፣ ቀጭኔ ከምድር ሊጠፋ ነው የሚል ወሬ ሰምቶ፣ ሳይናገር እንዳይሞት እየተጣደፈ ነው። ለማን እንደሚጽፍ አልነግራችሁም፤ እናንተው ድረሱበት። (ፎቶ አንሺዋ ልጅ ጋር ያለው ፍቅር ግን ትንሽ ፊልም ፊልም ይሸተኛል። ለዚያውም ይቅር ብያታለሁ።)

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ሴቷ ቀጭኔ እግሯ ተጎድቷል፤ መንገዱ ሩቅ ነው። ቆማ ትደርስ ይሆን ወይስ ትወድቃለች? መጽሐፉን እያነበብኩ ከእነሱ ጋር አብሬ ቆሜ ነበር የማድረው። ከብት በመኪና ጭኖ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል።

እኔ ጭኜ ሄጃለሁ።

በ1986 ዓ.ም. ለፋሲካ ነው። 17 ዓመቴ ነበር። አጎቴ የሰው አይሱዙ ይነዳል፤ እኔ ክረምቱን ለደብተር መግዣ እንዲሆነኝ ብሎ ረዳት አድርጎ ይዞኝ ነበር፤ በበዓልም ሲጨናነቅ ይጠራኛል። ከብቸና ዘጠኝ በሬ ጭነን ማታ ተነሳን። ነጋዴው ጋቢና ከአጎቴ ጎን፣ እኔ ላይ፣ ስፖንዳው ላይ ዱላ ይዤ። ሥራዬ አንድ ብቻ ነው፤ በሬ እንዳይወድቅ ማየት። መኪና ላይ የወደቀ በሬ ሌሎቹ ይረግጡታል። ስለዚህ ሲንበረከክ ጭራውን ጠምዝዘህ ታስነሳዋለህ፤ እምቢ ካለ ጋቢናውን ትደበድባለህ፣ ሹፌሩ ይቆማል።

ዓባይ በረሃን ስንወርድ በደንብ ጠበቅኩ። ቁልቁለቱ ላይ ሁሉም ወደፊት ይገፋሉ፤ ቀንዳቸው ስፖንዳው ላይ ሲንቋቋ ይሰማኛል። ሽቅብ ወጥተን ጎሃ ጽዮንን ካለፍን በኋላ ግን ያ ብርድ መጣ። ጋቢዬን ተከናንቤ ለአንድ አፍታ ዓይኔን ከደንኩ።

ፍቼ ስንደርስ ነግቷል። ቀዩ በሬ ከሌሎቹ እግር ሥር ነበር። ሳይታረድ ሞቷል፤ በክት ነው፣ ሥጋው ለማንም አይሆንም።

ነጋዴው ጮኸ። «መቼ ነው የወደቀው?» አለኝ። እኔም «ጋቢናውን ስደበድብ ነበር፣ አልሰሙኝም» አልኩ። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም። ለሊቱን በሙሉ አንድም ጊዜ አልደበደብኩም።

አጎቴ አየኝ። ጉንጬ ላይ የጋቢው ጥለት ታትሞ ነበር መሰለኝ፤ የተኛ ሰው ፊት ይታወቃል። ከዚያ ወደ ነጋዴው ዞሮ «ልጁ እውነቱን ነው፤ የሞተሩ ድምፅ ነው፣ አልሰማሁም» አለ።

የበሬውን ዋጋ ከደመወዙ እየተቆረጠ ከፈለ። አዲስ አበባ እስክንደርስ አልተናገረኝም፤ ስንደርስ ዳቦና ሻይ ገዛልኝ። ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቱ አንድ ቀን አላነሳውም። እኔም አላነሳሁም። «ጋሼ፣ ተኝቼ ነበር» ለማለት ስንት ዓመት ነበረኝ፣ ስንት በዓል አብረን በላን!

መጽሐፉ ውስጥ ልጁ አንዱን ውሸት በሌላው እየደረበ ሲሄድ እያነበብኩ፣ አንዳንዴ ዘግቼው ጣሪያ አይ ነበር።

በሬው ብቻ ቢሆን ምናልባት ዝም ብዬ እኖር ነበር። ግን በዚያ ዓመት አጎቴ የበኩር ልጁን ማርቆስ ቤት ተከራይቶለት ዘጠነኛ ክፍል ሊያስገባው ነበር። ቀረ። «ዘንድሮ ገንዘብ አጠረ፣ ለከርሞ» ተባለ። ከርሞም አልሆነም፤ ልጁ ረዳት ሆነ፣ ቀጥሎ ሹፌር ሆነ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ስንቶቻችሁን ክፍል ውስጥ አቁሜ «ያጠፋ ሰው ራሱ ይናገር» እንዳልኳችሁ ታስታውሳላችሁ።

ያ የአጎቴ ልጅ ዛሬም መንገድ ላይ ነው። እዚህ ፌስቡክ ላይም አለ፤ የጻፍኩትን ሁሉ መጀመሪያ ላይክ የሚያደርገው እሱ ነው። በዚህ ሳምንት ሦስት ጊዜ ደወልኩለት፤ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ናፍጣ ሰልፍ አውርተን ዘጋሁ። በአፌ አልሆነልኝም።

ወንድሜ፣ ያኔ ማርቆስ ለምን እንዳልሄድክ አባትህ ያልነገረህ እኔን ለመሸፈን ነው። ተኝቼ ነበር። መኪናህን አቁመህ ስታርፍ አንብበው፣ እየነዳህ አይሁን። ስልኬ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ነው።