የእናቴ ጣሪያ ከላይ ሲታይ

ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ በትምህርት ቤቱ የቴክኖሎጂ ክበብ ከጓደኞቹ ጋር የእሽቅድምድም ድሮን ይሠራል። «ይሠራል» ስል የተገጠመ ገዝቶ ያበርራል ማለቴ አይደለም። ይበይዳል፣ ይፈታል፣ እንደገና ይገጥማል። እኔና እናቱም የብየዳ ጭስ ከእራት ሽታ ጋር ሲደባለቅ ለምደነዋል።

በጥር ወር መጨረሻ፣ በሁለቱ መንፈቀ ዓመቶች መካከል ባለው ዕረፍት፣ እናቴን ልንጠይቅ ወደ መካነ ሰላም ተነሣን። ከመንገዳችን በፊት ባለው ምሽት ቦርሳውን ስፈትሽ ከሹራቡ ሥር የድሮኑን አካልና አራት ፕሮፔለሮች አገኘሁ። አወጣኋቸው። አኮረፈ።

«ዕቃው የክበቡ ነው፤ ከአዳራሽ እንዳይወጣ ተነግሯችኋል» አልኩት። በአገራችን ድሮን ለማስገባትም ሆነ ለማብረር ኢንሳን ጨምሮ ከሚመለከታቸው የመንግሥት አካላት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ያለ ፈቃድ የመጣም በጉምሩክ እንደሚያዝ አስታወስኩት። ሦስተኛውን ምክንያት ግን አልነገርኩትም። ሦስተኛው ምክንያት እናቴ ነበረች።

ከደሴ እስከ መካነ ሰላም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ከደሴ ወጥቶ ጉጉፍቱ ላይ ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። የጉጉፍቱን ብርድ ያላየ ሰው ስለ ወሎ ደጋ አያውራ፤ የጠዋቱ ውርጭ ሣሩን አንጥቶት ነበር። ሻይ ልንጠጣ ስንወርድ ሹፌራችን እጁን እያሻሸ «እዚህ መኪናውም ይደክመዋል፣ ጋሼ፤ አየሩ ስስ ነው» አለኝ። ልጄ ከአዲስ አበባ ጀምሮ አልተነፈሰም ነበር። ይህን ሲሰማ ቀና አለ።

ነገሩን ለማያውቁ ወላጆች ልጄ እንዳስረዳኝ ላስረዳ። የእሽቅድምድም ድሮን ቀላልና ጠንካራ አካል፣ አራት ሞተሮች፣ አራት ፕሮፔለሮች፣ ሚዛኑን የሚጠብቅ ትንሽ ኮምፒዩተርና ባትሪ አለው። አፍንጫው ላይ ያለችው ካሜራ የምታየውን በሬዲዮ ሞገድ ወደ መነጽር ትልካለች። መነጽሩን ያደረገው ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ግን አየር ላይ ነው።

ልጆቹ ይህን ዕቃ ለማሻሻል ወራት ደክመዋል። ከውጭ አገር በሚያዩአቸው ቪዲዮዎች ላይ ያሉት ድሮኖች እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ሲወረወሩ የእነሱ ይንቀራፈፋል። በመጨረሻ ባለ አራት ሴሉን 14.8 ቮልት ባትሪ ትተው ባለ ስድስት ሴል 22.2 ቮልት ሰኩበት። ሞተሮቹ የተጠመጠሙት ለአራቱ ሴል ስለነበር አንዱ ጨሰና ተቃጠለ። ልጄ «የእኔ ብየዳ ነው ችግሩ» ብሎ ለሳምንት ያህል ምግብ እንኳ በወጉ አልበላም።

ጉጉፍቱ ላይ ከሹፌሩ ንግግር በኋላ ደብተሩን አወጣና በብርድ በደነዘዘ ጣቱ ይደምር ይቀንስ ጀመር። መካነ ሰላም ከባሕር ወለል 2,600 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ነው። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠረፍ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ፕሮፔለር የሚገፋው አየርን ነው፤ አየሩ በሩብ ያህል ከሳሳ በዚያው ፍጥነት የሚዞር ፕሮፔለር የሚያነሣውም በዚያው ልክ ይቀንሳል። «አዲስ አበባም እኮ አንድ አምስተኛው ይጎድላል!» ብሎ ጮኸ። ቪዲዮዎቹ የተቀረጹት ዝቅ ባለ አገር ነበር። የልጆቹ ድሮን የተንቀራፈፈው በብየዳው ጥፋት ሳይሆን ደጋ ላይ በመወለዱ ነው።

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ኃይል ከመጨመር በፊት ክብደት መቀነስ ነው። ረዘም ያለ ሽቦ አለ፣ ትርፍ ብሎን አለ። ባትሪውም ቀለል ይበል።» ከዚያ እስከ አቀስታ ድረስ አፉ አላረፈም።

ማምሻውን ደረስን። እናቴ ቡናውን ቆልታ ጠበቀችን። አቦሉ እየተቀዳ ሳለ የልጅ ልጇን ስለ ትምህርቱ ጠየቀችው፤ እሱም በጉጉት «ድሮን እንሠራለን፣ እማማ» አላት።

ጀበናው አየር ላይ ቆመ። «እሱ ሰው የሚገድለው አይደለም እንዴ፣ ልጄ?»

የፈራሁት ይህንኑ ነበር። በሰሜኑ ጦርነትም ሆነ ከዚያ ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት ይህ ቃል ለገበሬው መንደር የመጫወቻ ስም አይደለም። ልጄ መልስ ፈልጎ ወደ እኔ አየ። እኔም መልስ አልነበረኝም። ቶናውንም በረካውንም በዝምታ ጠጣን።

በማግስቱ ወደ ገደሉ አፋፍ ይዤው ሄድኩ። ምዕራብ ወሎ ለዓይን የሚያስደነግጥ አገር ነው፤ ሜዳ ነው ብለው ሲራመዱ ድንገት ምድሩ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይናዳል። ከከተማው ብዙም ሳይርቅ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት የቦረና ሳይንት ብሔራዊ ፓርክ አለ። እኛ ያን ያህል አልሄድንም። ድንጋይ ላይ ተቀምጠን ከሥራችን የሚንሳፈፉትን ጥንብ አንሳዎች አየን። ፀሐዩ ሸለቆውን ሲያሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ ወፎቹም በዚያ ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳያርገበግቡ ከፍ ይላሉ። ልጄ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየና «እማማ የእኔንም ዕቃ እንደዚያኛው ነው የምታየው?» አለኝ።

«የሰማችው እሱን ብቻ ስለሆነ ነው» አልኩት።

እናቴ ሁለት ክረምት ሙሉ ያማረረችበት አንድ ነገር ነበር፤ መደቡ ላይ የሚያፈስ ጣሪያ። ሠራተኛ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ምስማር መትቶበታል፤ ማፍሰሱ ግን አልቀረም። በሦስተኛው ቀን ልጄ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና ፈልጎ የእኔን ስልክ በጨርቅ ጠቅልሎ ጫፉ ላይ በሲባጎ አሰረው። ካሜራውን ከፍቶ አጣናውን አቆመና ቤቱን ዞረው። አውርዶ ከእናቴ አጠገብ ተቀመጠ።

እናቴ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችበትን ቤት ጣሪያ አንድም ቀን ከላይ አይታው አታውቅም። ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ «ቤቴ ይህን ያህል አርጅታለች?» አለችና ሳቀች። ልጄ ምስሉን አጎላው። ቀዳዳው ውኃው ከሚንጠባጠብበት በላይ አልነበረም። አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ፣ ሁለት ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ቦታ ምስማሩ ተነቅሎ ነበር። ውኃው እዚያ ገብቶ በማገሩ ላይ እየወረደ ነው መደቡ ላይ የሚንጠባጠበው።

ምስሉ ሲቀጥል የጎረቤት ግቢ ታየ። እናቴ ወዲያው እጇን ስልኩ ላይ ጫነች። «አዙረው። የሰው ጓዳ አይታይም።»

ስለ ድሮን ሕግ ለልጄ ብዙ ነግሬዋለሁ፤ እንደዚች አንዲት ቃል የገባው የለም። በዚያው ምሽት ደብተሩ ላይ ከክብደቱ ስሌት ሥር ሲጽፋት አየሁ።

ከሰዓት በኋላ ምስማሩ ተመታ። ማታ ቡናው እንደገና ሲቀዳ እናቴ ራሷ ጀመረችው። «ያ የምትሠራው ዕቃ እንዲህም ያደርጋል?»

«ያደርጋል። ጣሪያ ያያል፣ ማሳ ያያል፣ የጠፋ ከብትም ይፈልጋል። የእኛ ግን ለውድድር ነው፤ ፈቃድ ካለበት ቦታም አይወጣም።»

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያ ስሙን ለውጠው። ሰው ሲሰማ የማይደነግጥበት ስም አውጣለት።»

«ምን ልበለው?»

«አብሽር በለው።»

ወሎዬ ያዘነውንም የፈራውንም የሚያጽናናበት ቃል ነው። አዲስ አበባ በተመለስን በሳምንቱ ልጄ ክበቡ ውስጥ ትርፍ ብሎኖቹን ፈትቶ፣ ሽቦውን አሳጥሮ መዘነው። ቀለል ብሎ ነበር። በአካሉ ላይም በነጭ ቀለም «አብሽር» ብሎ ጻፈበት።