ስሮትል ቦዲ ቀይረን ምን ብለን እንመስክር?

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ መኪና ነው። የመኪና ወሬ የማይጥማችሁ ትንሽ ታገሡን፤ ነገሩ ወደ አንደበታችን ይመጣል።

በቤት ኅብረታችን ካሉት ወንድሞች አንዱ ባለ 1.3 ሊትር ቶዮታ ስታርሌት አለው። ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው በእርሷ ሠርቶ ነው። አራት ሰው ጭና ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስትወጣ ግን ጉልበት ያጥራታል። “ከትልቅ ሞተር የወጣ ስሮትል ቦዲ ግጠምላት፣ ሌላ መኪና ትሆናለች” ሲሉት ሶማሌ ተራ ዞሮ አንድ አሮጌ ገዛ። እኛም ቅዳሜ ግቢው ውስጥ ልንገጥምለት ሦስት ሆነን ተሰበሰብን።

ስሮትል ቦዲ አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት በር ነው። በውስጡ ክብ ሳህን አለ፤ ቤንዚን መስጫውን ስንረግጥ ገመዱ ይስበውና ሳህኑ ይከፈታል። እንግዲህ በሩ ሲሰፋ ብዙ አየር ይገባል፣ ብዙ አየር ሲገባ ጉልበት ይጨምራል ተብሎ ይታሰባል። የድሮው በር 45 ሚሊ ሜትር፣ አዲሱ 50 ነበር። አምስት ሚሊ ትንሽ ትመስላለች እንጂ የቀዳዳው ስፋት በ23 በመቶ ያድጋል።

ከመፍታታችን በፊት አንድ ነገር ተስማማን። ሁሉን በአንዴ ብንቀይር የትኛው እንደ ረዳ አናውቅም። ስለዚህ መጀመሪያ መኪናዋን እንዳለች ዳገቱ ላይ ወስደን በስልክ ሰዓት ለካን። ከዚያ የድሮውን ስሮትል ቦዲ አውጥተን የተጋገረበትን ጥቁር ቅባት አጠብን፣ ፊልትሮውን ቀየርን። ገመዱም ረግቦ ኖሯል፤ ፔዳሉ ወለል ሲነካ እንኳ ሳህኑ ሙሉ በሙሉ አይከፈትም ነበር። ወጠርነውና መልሰን ለካን። በዚህ ብቻ ከሁለት ሰከንድ በላይ ቀነሰች።

ትልቁን መግጠም ቀኑን ሙሉ ወሰደ። አራቱን ብሎን መፍታት ቀላል ነው፤ የማኒፎልዱ አፍ ካልሰፋ ግን ሰፊው በር ጠባብ ኮሪደር ላይ ተከፈተ ማለት ነው። ስለዚህ ማኒፎልዱን ራሱን ፈታን። መኪናው ላይ እንዳለ የሚሞርዱ አሉ፤ የብረቱ ብናኝ ሲሊንደር ውስጥ ይገባልና አይሞከር። ጓርኒሲዮኑም በአዲሱ ልክ መቆረጥ አለበት፤ አየር ካሾለከ ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ይላል። የሳህኑን አቀማመጥ ለኮምፒዩተሩ የሚነግረውን ሴንሰር በቴስተር አስተካከልን። ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት አንዳችን ፔዳሉን ደጋግሞ ረገጠ፣ ሌሎቻችን ሳህኑ በራሱ ኃይል ተመልሶ መዘጋቱን አየን። ያ ሳህን ተከፍቶ ከቀረ መኪናው ቤንዚን እንደ ተሰጠው ይቀራል፤ ሰው ይገድላል።

ለሦስተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጣን። ፔዳሉ ወለል ድረስ ተረግጦ የተገኘው ልዩነት ሰዓቱን ስንጫን እጃችን ከሚዘገየው አይበልጥም ነበር።

ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ባለ 1.3 ሊትር ሞተር በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር ቢበዛ 4,000 ሊትር አየር ይስባል፤ የድሮው በር ንጹሕ ከሆነ ይህን ያህሉን ብዙም ሳይቸገር ያሳልፋል። ደግሞም አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ጅቡቲ ወደብ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ እንጦጦ ላይ ይብሳል። በሩን ብናሰፋው ውጭ የሌለ አየር አይገባም።

ሐሙስ በኅብረቱ ወንድማችን ለምስክርነት ተነሣ። ደስታው ፊቱ ላይ ይነበባል። “ጌታ ይመስገን፣ ጉልበቷ እጥፍ ሆነ!” አለ። ሁሉ እልል አለ። ከኋላ የተቀመጠ ሌላ ሾፌር፣ ወጣት ልጅ፣ ዕቃው የት እንደሚገኝ ጠየቀ። ለቤት ኪራይ ያስቀመጠው ገንዘብ እንዳለው እናውቅ ነበር። እርስ በርሳችን ተያየን።

በአብያተ ክርስቲያኖቻችን ምስክርነት ላይ ትንሽ መጨመር እንደ ኃጢአት አይቆጠርም። ክብሩ ለጌታ እስከ ሆነ ድረስ ማንን ይጎዳል እንላለን። ሰሚውን ይጎዳል። በመኪና ዕቃ ቢሆን ኪራዩን ያጣል፤ በፈውስ ምስክርነት ቢሆን ደግሞ መድኃኒቱን ሊያቆም ይችላል። መጽሐፈ ምሳሌ ስለ ሐሰተኛ ሚዛን ደጋግሞ የሚናገረው ለገበያ ነጋዴ ብቻ አይመስለንም።

ከጸሎት በኋላ ወንድማችንን ለብቻው ጠርተን የለካንበትን ወረቀት አሳየነው። ተቀየመ። “እግሬ የሚሰማውን ልካድ?” አለን።

እግሩ አልዋሸም። ሰፊው በር ፔዳሉ በትንሹ ሲነካ ከድሮው ብዙ አየር ያሳልፋል፤ ስለዚህ በከተማ መንገድ መኪናዋ ቶሎ ትነሣለች፣ ብርቱ ሆና ትሰማለች። ለሙሉ ጉልበት ግን ፔዳሉ ወለል ሲነካ ነው የሚታየው፤ እዚያ የረዳው እጥበቱና ገመዱ ነው። ይህን ስናስረዳው ወረቀቱን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። “ታዲያ ልጁ ሳይሄድ ልያዘው” ብሎ ወጣ።

በማግስቱ የልጁን መኪና ኮፈን ከፍተው ስሮትል ቦዲውን አጠቡ፣ ገመዱን ወጠሩ። ያወጣው የፊልትሮ ዋጋ ብቻ ነው። ልጁ ግን የወንድማችንን መኪና ነድቶ አይቷት ቶሎ መነሣቷን ወዶታል፤ ኪራዩን ከከፈለ በኋላ ትልቁን ሊገዛ ያስባል። ይግዛ፤ ምን እንደሚገዛ ያውቃል።